ዲና ምን አለች?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰቆጣ የደረሰ ሰው ከተማዋን በልጃገረዶች ተሞልታ ያገኛታል። ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ አምረውና ተሠርተው፣ ከበሮ እየመቱ በየደጁ ይዞራሉ። በእነዚያ ቀናት ልጅቷን ሁሉም ያያታል፣ ሁሉም ይመርቃታል። ሻደይ ሲያበቃ ግን ያችው ልጅ ወደ ውኃ መቅጃው፣ ወደ እንጨት ለቀማው፣ ወደ ሩቁ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። የሰሃላን መንገድ በእግሩ የሄደበት ሰው አንድ ሕፃን ብቻውን የሚጓዝበት ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

በዚያ መንገድ ላይ፣ ወይም በገዛ ቤቷ ውስጥ፣ አንድ ሰው ወሲባዊ ጥቃት ቢያደርስባት ምን ይሆናል? ማን ይናገርላታል? ማን ይፈርድላታል? አገራችን ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጠችው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። የዛሬው ጽሑፌ ያ መልስ እንዴት እንደተለወጠ ይተርካል። ወጣቶች ይህን ታሪክ ማወቅ ያለባችሁ ለእውቀት ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ወይም አንድ ልጅ ወደ እናንተ መጥቶ ሊናገር ይችላልና ነው።

ሁለቱ የጥንት መንገዶች

ዘፍጥረት 34ን አንብቡ። የያዕቆብ ልጅ ዲና የአገሩን ሴቶች ልታይ ወጣች፤ የኤሞር ልጅ ሴኬም ያዛትና ደፈራት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ሴኬም አባቱን ይዞ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ያሻችሁትን ያህል ማጫ ጠይቁኝ፣ እሰጣለሁ፣ ልጅቷን ብቻ አጋቡኝ አለ። ያዕቆብ ልጆቹ ከከብት ጥበቃ እስኪመለሱ ድረስ ዝም አለ። ወንድሞቿ ስምዖንና ሌዊ ደግሞ በተንኮል እሺ አሉና በሦስተኛው ቀን የከተማውን ወንድ ሁሉ በሰይፍ ፈጁ።

ምዕራፉ ሲያልቅ አባት ተናግሯል፣ ደፋሪው ተናግሯል፣ የደፋሪው አባት ተናግሯል፣ ወንድሞች ተናግረዋል። ዲና ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። ምን እንደደረሰባት፣ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው በምዕራፉ ውስጥ የለም።

ለደጋው ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እኛም ዘንድ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሽምግልና ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ልጅቷ ለደፈራት ሰው ትዳራለች፣ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። ሁለተኛው ደም መመለስ ነው። አንዱ ሰላም፣ ሌላው ጦርነት ይመስላል። ሁለቱም ግን በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የተበደለው ቤተሰቡ ነው፣ የተነካው የአባትና የወንድም ክብር ነው የሚል። ስለዚህ ክብሩ በካሣ ወይም በደም ሲመለስ ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል። የልጅቷ ሥጋና ነፍስ በሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

ሽምግልናን ማጣጣሌ አይደለም። ዋግ ውስጥ ስንት የድንበርና የግጦሽ ጠብ፣ ስንት የነፍስ ግድያ ቂም በሽማግሌዎች ጥበብ በርዷል። ነገር ግን ጠበኞች ሁለት እኩል ሰዎች ሲሆኑና አንድ አዋቂ በአንዲት ሕፃን ላይ ሲሠለጥን ነገሩ አንድ አይደለም። ሕፃን ልጅ ከበደላት ሰው ጋር እኩል ሆና አትታረቅም።

ሕጉም ሽማግሌ በነበረ ጊዜ

በ1949 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቀው፣ ለጊዜው ዘመናዊ የነበረ ሕግ ነው። አስገድዶ መድፈርን እስከ 10 ዓመት፣ ተጎጂዋ ከ15 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። ለጠለፋ የተቀመጠው ቅጣት ግን ከ3 ዓመት አይበልጥም ነበር። ከዚህም በላይ ሕጉ አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር። በአንቀጽ 558 እና 599 መሠረት የተጠለፈችው ወይም የተደፈረችው ሴት ከበዳይዋ ጋር «በፈቃዷ» ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች በሰውየው ላይ የወንጀል ክስ አይቀርብም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎ ወሰነ።

ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የ15 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ በጠላፊዋ ቤት ተዘግቶባት፣ በሽማግሌ ፊት «እሺ» ካለች ወንጀሉ ይቀራል። እዚያ ቤት ውስጥ ያለች ልጅ «በፈቃዷ» ማለት ምን ማለት ነው? ሕጉ ይህን አልጠየቀም። የሴኬም ጥያቄ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ተሻግሮ በወረቀት ላይ ጸድቆ ተቀመጠ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት የአርሲ ልጆች

ይህን በር ካዘጉት ነገሮች መካከል በአርሲ የተፈጸሙ ሁለት ታሪኮች ይገኛሉ። የልጆቹን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1996 የሆነ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ሰውየው ደፈራት፤ ልታመልጥ ስትሞክርም ተከታተላት፤ እሷም ያገኘችውን ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። እንደ ልማዱ ቢሆን የሟች ወገኖች ደሟን የሚፈልጉባት፣ መንግሥትም በግድያ የሚከሳት ልጅ ነበረች። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ እኚህ ሴት በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ ያለ ክፍያ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ከዓመታት በኋላ ይህ ታሪክ «ድፍረት» የሚባል ፊልም ሆነና በዓለም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተሰብስበው ሳለ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቆም ተደረገ። አቤት ካሉት መካከል ባለ ታሪኳ ራሷ ነበረች፤ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ለሕዝብ ቀረበ ብላ። በኋላ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ለተጎጂ በጎ ማሰብ እንኳ ታሪኳን ያለ ፈቃዷ ለመናገር መብት አይሰጥም። «ለጸሎት ርዕስ» ብለን በኅብረት ፊት የአንድን ልጅ ገመና የምናወጣ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ።

ሁለተኛው ታሪክ በ1993 ዓ.ም. የሆነ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ፖሊስ አስለቀቃት። ሰውየው በዋስ ወጥቶ እንደገና ጠለፋት፤ አንድ ወር ያህል ደብቆ ይዟት የጋብቻ ውል አስፈረማት። እሷም አመለጠች፤ ክሷንም አልተወችም። በ1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት ሰውየውን በ10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹን ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። ወራት ሳያልፉ ግን የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልጅቷ ተገዳ ለመሆኗ ማስረጃው አያሳይም ብሎ ፍርዱን ሽሮ ሁሉንም ለቀቃቸው። ይግባኙም የሰበር አቤቱታውም ተቀባይነት አላገኘም።

በአገር ውስጥ በሩ ሲዘጋ «ኢኳሊቲ ናው» የተባለ ድርጅትና የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን መቀመጫው ባንጁል፣ ጋምቢያ ወደሆነው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ማብቂያ ላይ መንግሥት ልጅቷን ባለመጠበቁና ፍትሕ ባለመስጠቱ መብቷን ጥሷል ብሎ ወሰነ፤ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላትም አዘዘ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው 14 ዓመት አልፎ ነበር። በጠለፋው ጊዜ ከነበራት ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ፍትሕን ስትጠብቅ አሳለፈች።

በሩ ሲዘጋ

በእነዚህ ዓመታት መካከል ሕጉ ተለወጠ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገ። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲሱ የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጠለፋው መድፈር ካለበት የመድፈር ቅጣት ይከተላል። ከጠለፋ በኋላ የተደረገ ጋብቻም ሰውየውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። አንድ አጭር ንዑስ አንቀጽ የሴኬምን በር ዘጋ። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች መድፈር ከ5 እስከ 20 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕፃን ላይ የሚፈጸም ደግሞ ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። በወንዶች ልጆች ላይ የሚፈጸመውም እንዲሁ ከባድ ወንጀል ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባት በአንቀጽ 648 እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያሳስራል።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የሃይማኖትና የባህል ዳኝነትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሕፃን ተደፍራ ሳለ ጉዳዩን በእርቅ የመዝጋት ሥልጣን የመንደር ሽማግሌም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም፣ አባትም የለውም። ይህ ወንጀል የቤተሰብ ገመና መሆኑ ቀርቶ በልጅቷ ላይ የተፈጸመ በደል ሆኖ ታወቀ። ታሪኩ ሁሉ ወደዚህ ነጥብ የሚመጣ ነው።

ጠላፊ በፈረስ ብቻ አይመጣም

ሕግ ስለተጻፈ ብቻ ልጅ አይጠበቅም። ለዚህ ምስክሩ በእኛው በወሎ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ዋግ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበር፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ጃሪ በተባለ ስፍራ አንድ የስዊዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለሙት ልጆች መንደር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያንን መንደር ይመራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወንዶች ልጆችን ያስነውር እንደነበር ኋላ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት ፈረደበት።

ጃሪ ሦስት ነገር ያስተምረናል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ ኀፍረቱም አፋቸውን ይዘጋል። ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ሽፍታ አይደለም፤ ልጁ የሚያምነው፣ የሚያበላው፣ የሚያስተምረው ሰው ነው። በጎ ሥራም መጠለያ ሊሆነው ይችላል። ይህ ለእኛ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ ለመዘምራን መሪዎች፣ ለወጣት አገልጋዮች የተጻፈ ያህል ነው። «እሱ እንዲህ አያደርግም፣ የተባረከ ወንድም ነው» የሚለው ቃል ለሕፃን ጋሻ አይሆንም።

ወጣቶች የለወጡት ሕግ

ቤተ ክርስቲያን ግን ከዝምታ ሌላ ታሪክም አላት። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር ሕጉ ለሴት ልጅ ጥበቃ የሚያደርገው እስከ 13 ዓመቷ ብቻ ነበር። በለንደን ደሃ ሰፈሮች ሕፃናት ለዝሙት ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 የመዳን ሠራዊት ለእነዚህ ልጆች መጠለያ ከፈተ፤ ኃላፊነቱን የተረከበችው ፍሎረንስ ቡዝ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ወጣት ነበረች። ልጆቹ የሚነግሯትን ሰማች፤ አመነቻቸው። ለባሏ ለብራምዌል ነገረችው። እንደ ጆሴፊን በትለር ያሉ ለዓመታት የታገሉ ክርስቲያን ሴቶችና ጋዜጠኛው ዊልያም ስቴድም ነገሩን ለሕዝብ አወጡት። በ1885 የመዳን ሠራዊት ከ300,000 በላይ ፊርማ አሰባስቦ ለፓርላማ አቀረበ። በዚያው ዓመት ዕድሜው ወደ 16 ከፍ አለ።

የዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሰባኪ ስብከት አልነበረም። አንዲት ወጣት ልጆችን ተቀምጣ መስማቷ ነበር።

የዛሬዋ ሰሃላ

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዋግ ኽምራ የውጊያ ሜዳ ነበረች። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጡት የጋራ ሪፖርት በሰሜኑ ጦርነት ተዋጊ ወገኖች ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን አረጋግጠዋል። ከአበርገሌና ከሌላም ስፍራ የተፈናቀሉ ወገኖች ሰቆጣ ተጠለሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ሰሃላን ክፉኛ መታት። ድርቅ ሲሆን ውኃው ይርቃል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ አፍ ለመቀነስ ሲባል ልጅ ትዳራለች ወይም ሰው ቤት ትላካለች። ረሃብና ጦርነት ባለበት ሁሉ የሕፃናት ጥቃት ተከትሎ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

መከላከል የሚቻል መሆኑን ግን በዚሁ በክልላችን አይተናል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ፣ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተሞከረ። ልጃገረዶች በቡድን ተሰባሰቡ፤ ታላላቅ ሴቶች አማካሪ ሆኑላቸው፤ የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጣቸው፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች አንድ በግ ተሰጠ። በመጨረሻ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ያገቡት ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ስፍራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ወዳጅ፣ አማካሪ፣ ደብተርና አንድ በግ። ይህ ከአንድ የወጣቶች ኅብረት አቅም በላይ ነውን?

በቤተ ክርስቲያናችንም ልናደርገው የምንችለው አለ። ማንም አገልጋይ ከአንድ ሕፃን ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሁን፤ ሁለት ሆነን እናገልግል። ልጆችን ሰውነታቸው የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን፣ ማንም ሊነካው የማይገባ ክፍል እንዳለ፣ ታላቅ ሰውንም «አይሆንም» ማለት እንደሚችሉ እናስተምር። «ለማንም እንዳትናገር» የሚል ታላቅ ሰው ሲገጥማቸው ያን ጊዜ በተለይ መናገር እንዳለባቸው እንንገራቸው።

ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እንዲህ እናድርግ። በመጀመሪያ ልጁን እንመን፤ «ለምን እዚያ ሄድሽ?» አንበል። ሳትታጠብ፣ የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በሰቆጣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እንውሰዳት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ የሐኪም ማስረጃም ለፍርድ ቤት የሚጠቅመው ሳይዘገይ ሲወሰድ ነው። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም ግን ሕክምናም ክስም አይቀርም። ቀጥሎ ፖሊስ ነው፤ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ። የወንጀሉን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ቤተሰቡ ለዚያ ጠበቃ መግዛት አያስፈልገውም። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን እንዲከታተል ማሳወቅ ይገባል። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚከፍቷቸው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ምክርና ድጋፍ ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ ሕፃናት በሌላ ክፍል ሆነው፣ የበደላቸውን ሰው ፊት ሳያዩ፣ በካሜራ የሚመሰክሩበት ችሎት አለ። እንዲህ ያለው ለሰሃላ ልጅም ሊደርስ ይገባል፤ ይህ ገና የሚጠየቅ ነው።

ይቅርታስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ወንጌል የይቅርታ ወንጌል ነው፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው። ነገር ግን ይቅርታ የተበደለው ሰው ስጦታ ነው፤ ሌላው በእሷ ስም አያድለውም፤ ጊዜዋን ጠብቃ ትሰጠዋለች፣ ወይም ገና ታለቅሳለች። ደግሞም ይቅር የተባለ ሰው ከፍርድ ቤት አይሸሽም። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ የተነሣው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

በ2ኛ ሳሙኤል 13 የዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። እሷ እንደ ዲና ዝም አላለችም፤ ለመነች፣ ተከራከረች፣ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ወጣች። አቤሴሎም ግን ዝም እንድትል ነገራት። ንጉሥ ዳዊት እጅግ ተቈጣ፤ ከቍጣው በኋላ ያደረገው ነገር ግን አልተጻፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደም ፈሰሰ፤ ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። የእግዚአብሔር ቃል ይህን ገመና የደበቀልን አይደለም። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ዝም ያሰኟትን ልጅ ጩኸት ጽፎ አቆየልን። ዛሬ በእኛ መካከል እንዲህ የምትጮህ ልጅ ካለች፣ እኛም ዝም የሚያሰኟት እንዳንሆን።

ለኅብረታችሁ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዘፍጥረት 34 ከወንዶቹ መካከል ዲናን ጠይቆ የሚናገር ሰው ቢኖር ታሪኩ እንዴት ይለወጥ ነበር?

2. በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሕፃን ጥቃት ቢደርስበት ለማን ይናገራል? ያ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል?

3. በአጥቢያችሁ ለሕፃናት አገልግሎት የሚሆን አምስት ደንብ ጽፋችሁ ለሽማግሌዎች አቅርቡ።